ስምንት ከአርባ

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ሁለት ሰዎች መሬት ላይ ነበሩ። አንዷ ቃሬዛ ላይ ናት፤ ጋቢ አልብሰዋታል። ሌላው አቧራው ላይ፣ በሰው እግር መሐል ወድቋል። የተሸፈነችው ይታየሽ ትባላለች፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ጠዋት ከአምደወርቅ ወዲያ ባለ ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ደሟ አልቆም ሲል ወደ ሰቆጣ በአምቡላንስ ላኳት፤ መንገድ ላይ ሞተች። አቧራው ላይ የወደቀው ያመጣት ሾፌር ቢምረው ነው። ባሏ ደግሰው ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በድንጋይ ይመታዋል።

እኔና ሳጅን ትእዛዙ ጎትተን ለያየናቸው። ደግሰው አልታገለንም። ድንጋዩን ጥሎ እጁን አየ።

«የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው» አለኝ። «አራት ሰዓት ተኩል ነዳው። እየቆመ፣ እትዬ። እኔ ከኋላ እጇን ይዤ እለምነዋለሁ፣ እሱ ከፊት መኪና ያቆማል።»

ሐኪሙ ወጥቶ ጓንቱን እያወለቀ፣ «አንድ ሰዓት ቀድማ ብትደርስልን ደም ሰጥተን እናተርፋት ነበር» አለ። ይህን ሲል ወደ ማንም አላየም።

ኢንስፔክተር ዓይናዲስ እባላለሁ። ቁጡ ነኝ፤ አለቃዬ በየዓመቱ የሥራ ግምገማዬ ላይ ይጽፍልኛል። ያን ቀን ግን ቁጣዬ ከወትሮውም የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የአምቡላንሱን ጋቢና ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ማር ነው። ከተሳፋሪው ወንበር ሥር አንድ ጣሳ ተገልብጦ፣ ነጩ ማር በምንጣፉ ላይ ፈስሶ ሾፌሩ እግር ድረስ ደርሷል። ፍሬኑም ነዳጅ መስጫውም በማር ተለውሰዋል። የቢምረው ጫማ ከሥሩ ይጣበቃል። ሴት ልጅ ከኋላ ደሟ እየፈሰሰ፣ ይህ ሰው ከፊት ማር ጭኖ ነበር። ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልጋል አልኩ በልቤ።

አምቡላንሱ የመንግሥት አይደለም። የአገሩ ሰው ፍየሉን እየሸጠ፣ ዓረብ አገር ያሉት ልጆቹም እየጨመሩለት፣ በማኅበር የገዛው አሮጌ መኪና ነው። ሕዝቡ የገዛ መኪናውን ሊያቃጥለው ስለተነሣ ወደ ማኅበሩ ግቢ አስገባሁትና ሌሊቱን ሁለት ፖሊስ በር ላይ አቆምኩ። የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ። ትርፍ ቁልፍ እንዳለው ለመጠየቅ አላሰብኩም። ይህን ስሕተቴን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሌላ ሰው እንዳይናገርልኝ ነው።

ቢምረው ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በአገራችን ደንብ «አያ» ብዬ፣ «እርስዎ» ብዬ ላነጋግረው ይገባኝ ነበር። አላደረግኩትም። የግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ በቀኙ ያየኛል።

«ለምን ቆምክ?»

«መኪናው እምቢ አለኝ።»

«እንዴት ነው እምቢ የሚለው?»

«ነዳጅ ስሰጠው አይቀበልም። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ መብራት ይበራል፣ ከዚያ ዳገት ላይ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥ። አጥፍቼ ሳስነሳው ትንሽ ይሄዳል። ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨው ተመልሶ ይታሰራል።»

«ዛሬ የጀመረው ነው?»

«ከጥቅምት ጊዮርጊስ ወዲህ ነው። ለገበያው ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ፀሐይ ነው፣ ባትሪውን ነቅለህ መልሰው አለኝ። ያኔ ሳደርገው ለጥቂት ቀን ተሻለው።»

ገበያው የማኅበሩ የስምሪት ኃላፊ ነው። መኪና የሚያወጣውም የሚያስጠግነውም እሱ ነው።

«ማሩስ የማን ነው?»

ፊቱን አዞረ።

«ማሩ የማን ነው አልኩህ።»

«አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«እሱን አልናገርም።»

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት፤ የትእዛዙ ብዕር ተንከባሎ ወደቀ። ቢምረው አልደነገጠም። ወደ ማረፊያ ክፍል መለስኩት።

በማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ግማሹ ከተማ ሚካኤል ሄደ፤ ግማሹ ለይታየሽ ቀብር አምደወርቅ ወረደ። ግቢውን የሚያቃጥል ሰው የለም ብዬ የቀን ጥበቃውን አነሣሁ፤ ለማታው መለስኩት።

አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት ገበያው በባጃጅ ወደ ጣቢያው መጣ። በአርባዎቹ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተጠረገ ሰው ነው። ለሐዘኑ ነጠላ አዘቅዝቆ ነበር። አጠገቡ መካኒኩ ገብረ አምላክ ቆሟል፤ ጠዋት መኪናውን እንዲፈትሽ እኔ ነኝ ያዘዝኩት።

«ቢምረው መኪናው እንዳስቸገረው ለእርስዎ ነግሬያለሁ ይላል» አልኩት ገበያውን። «ነግሮዎታል?»

«ምንም የነገረኝ የለም፣ ኢንስፔክተር። አርጅቷል። ጡረታ ውጣ ብለነው ነበር፤ ለምኖን ነው የቀጠለ። ጥፋቱ የኛም ነው።» አንገቱን ደፋ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ቀብር ላይ ነበርኩ። እናቷን ማየት አልቻልኩም።»

ወደ መካኒኩ ዞርኩ። ገብረ አምላክ ስልሳ ሊሞላው ነው፤ የሰቆጣ መኪና ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል። በበዓል መፍቻ የማይነካ፣ ለሐሰት ምላሱ የማይታዘዝ ሰው ነው።

«በጠዋት ፈተሽኩት» አለኝ። «ነዳጅ ይቀበላል። ዳገትም ወጣሁበት። መመርመሪያውንም ሰካሁ፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድም ብልሽት አልተመዘገበም። ባዶ ነው።»

«ስለዚህ ቢምረው ይዋሻል።»

«እኔ ስለ ቢምረው አልተጠየቅኩም። መኪናው ደህና ነው።»

የክሱን ወረቀት ልጀምር ብዕር አነሣሁ። ማር ለመጫን ቆሟል፤ ነገሩ አልቋል። ግን ከኋላ የነበረችውን አዋላጅ ነርስ ሳልሰማ መዝጋት ስለማልችል ምስራቅን አስጠራኋት። ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰች ሴት ናት፤ ስትናገር ግን ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«ሰባት ጊዜ ቆመ» አለች። «ቆጥሬያለሁ።»

«ሲቆም ምን ያደርግ ነበር? ስልክ? ሰው? የሚጫን ነገር?»

«ከመኪናው አልወረደም። በሰባቱም ሞተሩን አጥፍቶ አስነሳው። ሲነሳ ይፈጥናል፣ ደስ ይለናል፤ ከዚያ አንድ ነገር ከኋላ እንደያዘው ይሆናል። ሞተሩ አይጮህም፣ አይሄድም። ደግሰው ይሰድበዋል። እሱ ደግሞ መሪውን ይለምነዋል።»

«መሪውን?»

«አንቺ ነይ፣ ነይ እያለ። መኪናይቱን።»

«ማሩን የት ጫነ?»

«ማር አላየሁም። ከተነሣን በኋላ ምንም አልጫነም።»

«የሞተችበትን ሰዓት እንዴት አወቅሽ?»

«እጄ ደም ስለነበር ሰዓት ንገረኝ አልኩት። ከዳሽቦርዱ አይቶ ዘጠኝ ከሃያ አምስት አለኝ። ከደግሰው ስልክ ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነበር። ኩርባው ላይ ነበርን። የሆስፒታሉ ጣሪያ ይታይ ነበር፣ ኢንስፔክተር።» ከዚህ በኋላ ድምፅዋ አልደረቀም።

ማታውን በደንብ አልተኛሁም። የሚዋሽ ሾፌር ቢቆም ይወርዳል፣ ይደውላል፣ ጎማ ያያል። ሰባት ጊዜ ቁልፍ አዙሮ መኪና የሚለምን ሰው ምን ዓይነት ውሸት ነው የሚዋሸው? መካኒኩም አይዋሽም። ሁለት እውነተኞች ስለ አንድ መኪና ሁለት ነገር ነገሩኝ፤ ይህ አናደደኝ።

አሥራ አራት ቀን ጠዋት ብቻዬን ወደ ማኅበሩ ግቢ ሄድኩና አምቡላንሱ ውስጥ፣ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጥኩ። የማሩ ሽታ መጣብኝ። ምንጣፉ ላይ ጉንዳን ተሰልፏል። ሰልፉ ፍሬኑ ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ነዳጅ መስጫው ላይ ግን አንድም ጉንዳን የለም። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁት። ደረቅ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሁለቱም ተለውሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ቁልፉን አዞርኩ። ዳሽቦርዱ በራ። የእጅ ሰዓቴ አራት ከአሥር ይላል፤ የመኪናው ስምንት ተኩል።

ገብረ አምላክን አስጠራሁት። እንደመጣ ሰዓቱን አሳየሁት።

«ትናንት ጠዋትም ተዛብቶ ነበር» አለ። «እኔ አልነካሁትም።»

«ዘጠኝ ከሃያ አምስት ላይ፣ አሥራ አንድ ቀን፣ ልክ ነበር። ምን ያዛባዋል?»

መካኒኩ ቆዳ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ባትሪ ሲነቀል ይጠፋል። ሲመለስ ከአንድ ሰዓት ይጀምራል። እኔ ባዶ ነው ያልኩሽ… እኔ ደደብ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የሠራ መኪና ባዶ አይሆንም። ባትሪውን ነቅለው ኮምፒዩተሩን አስረስተውታል።»

ወረቀት አወጣሁ። ከአንድ ተነሥቶ ስምንት ተኩል ለመድረስ ሰባት ሰዓት ተኩል ቆጥሯል። አሁን አራት ከአሥር ነው። ሰባት ተኩል ወደ ኋላ ስመለስ ስምንት ከአርባ ላይ አረፍኩ። ሰዓቱ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ስለሚዞር የየትኛው ቀን ስምንት ከአርባ እንደሆነ አይነግረኝም፤ ግን ትናንት ጠዋት ተዛብቶ ከነበረ፣ ከዚያ በፊት ነው። ሁለቱን ሌሊት የኔ ፖሊሶች በር ላይ ነበሩ። የቀረው አንድ ነው፤ የሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ከአርባ። እኔ ጥበቃውን ያነሣሁበት ሰዓት።

«አሁን ይህን የነዳጅ መርገጫ እየው» አልኩት።

ገብረ አምላክ በጀርባው ተኝቶ ከመሪው ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ይህ የኔ ነው። አዲስ ዕቃ ስገጥም ሦስት ጭረት በሞረድ አደርግበታለሁ፤ ዕቃ እየተለዋወጠ ሲያስቸግረኝ የጀመርኩት ነው። ሐምሌ ላይ ነው የገጠምኩት። ግን ብሎኖቹ ከሰሞኑ ተፈትተዋል።»

«መርገጫ ሲበላሽ መኪና ያዘግማል?»

«የዚህ ዓይነቱ ያዘግማል። እንደ ድሮው ገመድ የለውም። ውስጡ ሁለት መልእክተኛ አለ፤ እግርሽ ምን ያህል እንደተጫነ ሁለቱም ለኮምፒዩተሩ ይናገራሉ። ቃላቸው ካልገጠመ ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም አያምንም፤ ሞተሩን ይይዘዋል። አጥፍተሽ ስታስነሺው እንደገና ያምናል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይለያያሉ፣ እንደገና ይይዘዋል። ሰባት ጊዜም ቢሆን።»

ቢምረው የተናገረው ቃል በቃል ይህ ነበር። እሱ ሲነግረኝ እኔ ጠረጴዛ ስመታ ነበር።

«ለመለወጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሦስት ብሎን፣ አንድ ሶኬት። አሥር ደቂቃ።»

ስለዚህ አንድ ሰው ደህናውን መርገጫ ወስዶ የታመመ አስቀምጧል፤ ይታየሽ ስትሞት ደንግጦ መልሷል። ሲመልስ ማሩን አላሰበም፤ ሰዓቱንም አላየም። የማኅበሩን ግቢ ዘበኛ ገብረ ኢየሱስን አስጠራሁት። ሽማግሌ ነው፤ በኽምጣኛ ለራሱ አንድ ነገር አጉረምርሞ በአማርኛ መለሰልኝ።

«የሚካኤል ዕለት የት ነበሩ?»

«ሚካኤል ነዋ። ማኅበር አለኝ፤ ጽዋው የኔ ተራ ነበር። ካምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚያው አልተነቃነቅሁም። ማኅበርተኛው ሁሉ ይመስክር።»

«በሩስ?»

«ቆልፌው ነው የሄድኩ።»

«ሌላ ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

«ገበያው ነዋ። የበሩም የመኪናውም ትርፍ ቁልፍ ከሱ ዘንድ ነው። እሱ ግን ያን ለት ቀብር ነበር።»

ማኅበርተኛውን ጠየቅኩ፤ የሽማግሌው ቃል እውነት ነው። ትርፍ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ አምደወርቅ ነበር፤ ለቀብር የወጣ አገር ሁሉ አይቶታል። ትእዛዙን መኪና አስነሣ አልኩት።

ይታየሽ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ገብታ ነበር፤ ለቅሶውም እዚያው ነው። ዳሱ ሥር ደግሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። እናቷ ወለተ ገብርኤል ሕፃኑን ታቅፋ ጥግ ላይ ናት። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጽናችሁ» ካልኩ በኋላ ደግሰውን ወደ ውጭ ወሰድኩት።

«ሰውዬውን ልትፈቺው ነው የመጣሽ?» አለኝ።

«የገደላትን ልፈልግ ነው የመጣሁ። ገበያው ቀብር ላይ ነበር?»

«ነበር። አፈርም አልብሷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አልተቀመጠም። ሰው እጁን ታጥቦ ንፍሮ ሲቀምስ እሱ ሄደ። አምስት ተኩል ቢሆን ነው።» ትንሽ አሰበና ፊቱ ጠቆረ። «በፒክአፑ ካህናቱን ሳይቀር አቧራ አልብሶን ነው ያለፈ። ዳገቱን እንዲያ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ አየው።»

ትእዛዙ ከኋላዬ ሳቅ ሊያመልጠው ምንም አልቀረውም። «በየትኛው ፒክአፕ? በኤሊዋ?»

«ኤሊ ምንድን ናት?» አልኩት።

«የገበያው ፒክአፕ ናት፣ ኢንስፔክተር። ሰቆጣ ያለ ባለ ባጃጅ ሁሉ ኤሊዋ ነው የሚላት። ዓመት ሙሉ ዳገት ላይ ባጃጅ እየቀደማት፣ ሰው እየጮኸባት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ድንገት ዳነች፣ እኛም መሳቂያ አጣን።»

«ሞተሯ የምን ዓይነት ነው?»

ትእዛዙ አፉን ከፈተ። መልሱ ሲመጣለት ሳቁ ጠፋ። ከዚያ በቀስታ፣ «ከአምቡላንሱ ጋር አንድ ናት» አለ።

ገበያው አሥራ ሦስት ቀን በባጃጅ ነው የመጣው። ፒክአፕ ያለው ሰው ለምን በባጃጅ እንደሚመጣ አልጠየቅኩም ነበር።

ልንነሣ ስንል ወለተ ገብርኤል ሕፃኑን እንደታቀፈች ወጣች። አማርኛዋ በኽምጣኛ ዜማ የተቃኘ ነው።

«ልጄ፣ ያ ሾፌር ማሩን ምን አደረገው?»

«የትኛውን ማር፣ እማማ?»

«የአራስ ማሯን። ስትነቃ ትቅመስ ብዬ ከጋቢናው ያኖርኩለት እኔ ነኝ። ነርሷ እንዳታይብኝ፣ አትጫኚ ትለኛለች ብዬ ለማንም እንዳይነግር አስምየው ነበር። ክዳኑን ግን አላጠበቅሁትም መሰል።»

መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በቢምረው ሳይሆን በራሴ ነበር የተናደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከገብረ አምላክ ጋር ሆኜ ገበያው ቤት ሄድኩ። ፒክአፑ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«የአያ ቢምረውን መንገድ ልንለካ ነው» አልኩት። «የፖሊስ መኪና ነዳጅ የለውም። በእርስዎ መኪና ይውሰዱን።»

«ጎማው ልክ አይደለም።»

ገብረ አምላክ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው። «ጎማው ደህና ነው» አለ።

ገበያው መሪውን ያዘ፤ እኔ አጠገቡ፣ መካኒኩ ከኋላ። ከከተማው ወጥተን የአምደወርቅን መንገድ ቁልቁል ወረድን። ቁልቁለት ላይ ማንኛውም መኪና ይሮጣል። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ያዙሩ አልኩትና ሰዓቴን ያዝኩ። ትናንት ስንመለስ ይህን ዳገት እስከ ኩርባው በፖሊስ መኪና በአሥራ አንድ ደቂቃ ወጥተነዋል።

መቶ ሜትር ያህል ደህና ሄድን። ከዚያ ኮረኮንቹ ጀመረ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካንማ መብራት በራ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ገበያው ረገጠ፤ ምንም አልተለወጠም። የማገዶ ሸክም የያዘች ሴት ከጎናችን ሆና ለጥቂት ጊዜ አብራን ከሄደች በኋላ ቀደመችን።

«አጥፍተው ያስነሡት» አልኩት።

አጠፋ፤ አስነሣ። ትንሽ ሄድን፤ እንደገና ታሰረ። ላብ አንገቱ ላይ ወረደ።

«ስንተኛው ነው?»

«ምኑ?»

«የቆሙት። እሷ ሰባት ድረስ ቆጥራለች።»

ኩርባው ላይ ስንደርስ አርባ አንድ ደቂቃ ሆኖ ነበር። የሆስፒታሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ከታች ያበራል። አቁም አልኩት። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» አልወጣልኝም።

«እግርህን አንሣ።»

«ምን?»

«እግርህን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሣ፣ ገበያው።»

ጎንበስ ብዬ እጄን ከመርገጫው ጀርባ ከተትኩ። ከላይ ጠርጎታል፤ ጫማ ሲጠርግ የሚውል ሰው ነው። ከማጠፊያው ሥር፣ ጨርቅ ከማይደርስበት፣ ጣቶቼ ተጣበቁ። አወጣኋቸው። ነጭ ማር ነው፤ አንድ የሞተ ጉንዳን አብሮት ወጣ። ገብረ አምላክ ከኋላ አጎንብሶ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«ይህ የይታየሽ የአራስ ማር ነው» አልኩት። «እናቷ ናት የጫነችላት። አንተ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ አልገደልኳትም።»

«ጠየቅኩህ።»

«ለትንሽ ጊዜ ነበር። ዕቃ ተፈልጎ እስኪመጣልኝ። አምቡላንሱ አብዛኛውን ቀን ቆሞ ነው የሚውለው… ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ቢምረው ሁለት ጊዜ ነገረህ።»

ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«በሚካኤል፣ እሷን አፈር አልብሰህ፣ ንፍሮ ሳትቀምስ፣ በእሷው መርገጫ እየጋለብክ መጥተህ፣ ስምንት ከአርባ ላይ ባትሪውን መለስክ። ከዚያ መጥተህ ነጠላ አዘቅዝቀህ ስለ ሽማግሌው እርጅና አወራኸኝ።»

ጣሪያውን አየ፤ መሪውን አየ። እጆቹ ላይ ካቴና አስገባሁ። ልመታው እንዴት እንደፈለግኩ አልደብቅም። የያዘኝ ሕግ ብቻ ነበር፤ በዚያ ደቂቃ ደግሞ ሕግን አልወደድኩትም።

ከሰዓት በኋላ ቃሉን ሲሰጥ ትእዛዙ ነበር የሚጽፈው። ለምን አደረግከው ሲባል፣ «ባጃጅ እየቀደመኝ ነበር» አለ። «ልጆች ሳይቀሩ ኤሊው እያሉ ይጠሩኝ ነበር።» ትእዛዙ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሲስቁባት ከነበሩት አንዱ እሱ ነው።

«እንዳለው ጻፈው» አልኩት። «አንድ ቃል እንዳትጨምር፣ እንዳትቀንስ።»

አያ ቢምረውን ከማረፊያ ክፍል ራሴ አወጣኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ማሩ የማን እንደሆነ ለምን አልነገሩኝም? ይህን ሁሉ ቀን ታሰሩ።»

«አደራ አልኩሽ እኮ። ልጇን ባጣችበት ቀን ደግሞ በማር ምክንያት ፖሊስ ቤቷ ይግባ?» በቀኝ ዓይናቸው አዩኝ። «ባትሪውን ብነቅልላት ኖሮ ምናልባት ትሻል ነበር። መፍቻ ፈልጌ እስክፈታ ጊዜ ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

«እሱንማ ነገርሽኝ። ይቺን ግን ማታ ማታ አስባታለሁ።»

ደግሰው ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር። አስጠርቼው ሁሉን ነግሬዋለሁ። ሲያያቸው ሊቀርብ አስቦ ተወው፤ እጁን የሚያስቀምጥበት ጠፋው። ሽማግሌውም ሰላም አላሉትም፤ አልሸሹትምም። ቀጥ ብለው ወደ አምቡላንሱ ሄዱ፤ ማስረጃው ተለቅሞ ስላለቀ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ አምጥተነዋል። ወንበሩ ላይ ወጥተው ቁልፉን ከኔ ተቀበሉ።

«በዚህ ዓይንዎ መንዳት አይችሉም፣ አያ» አልኳቸው።

«አልነዳም። ነገ የሚነዳው ሰው ልክ የሆነ ሰዓት ያስፈልገዋል።» ዳሽቦርዱን አበሩ፤ በአንድ ዓይን የሰዓቱን ማስተካከያ ለማግኘት ጎነበሱ። «ስንት ሰዓት ነው?»

እጄን ሳነሣ ደግሰው ቀደመኝ። መስኮቱ ድረስ መጥቶ ያንኑ ስልኩን አወጣ።

«አሥር ከሃያ ነው፣ አያ» አላቸው።

አያ ቢምረው ሰዓቱን አሥር ከሃያ ላይ አቆሙት።